ሬይ ኒችኪ፦ ቁጥሮቹ ያልመሰከሩለት ተከላካይ

እአአ በ1969 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በምህጻሩ ኤንኤፍኤል፣ 50ኛ የውድድር ዘመኑን ሲያከብር እስከዚያ ጊዜ ከታዩት ላይንባከሮች ሁሉ የላቀ ተብሎ የተመረጠው የግሪን ቤይ ፓከርሱ ሬይ ኒችኪ ነበር። በ1994 ሊጉ 75ኛ ዘመኑን ሲዘክር የኒችኪ ስም ዳግም ከምርጦች ተርታ ሰፈረ፤ በላይንባከርነት በሁለቱም መዝገቦች ላይ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ 2019 መጣ፤ መቶኛው ዘመን። በዚህ ጊዜ የተመረጡት ላይንባከሮች 12 ነበሩ። ኒችኪ ከ12ቱ አንዱ አልነበረም።

በ1994 እና በ2019 መካከል ሰውየው የጨመረው ወይም ያጎደለው ነገር የለም። ከመጀመሪያው ዓመት አስቀድሞ መጫወት ካቆመ ሁለት አስርታት አልፈውት ነበር፤ በ1998 ደግሞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። የመዝገብ ገጹም ያው ነው፦ 15 የውድድር ዘመናት፣ 190 ጨዋታዎች፣ ከተጋጣሚ የተነጠቁ 25 ኳሶች፣ በእነሱም የተሮጠ 385 ያርድ። የሊጉ ምርጦች በየዓመቱ በሚገናኙበት ፕሮ ቦውል የተሰኘ ጨዋታ ላይ የተመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የተለወጠው መራጩ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በ1969 ስለ ኒችኪ የፈረዱት ሰዎች ሲጫወት ያዩት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ገና ሜዳ ላይ ነበርና። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስለ እሱ የሚናገረው በአብዛኛው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ይህ ሰው በየሳምንቱ ያደርገው ከነበረው ሥራ ዋናውን ክፍል ጨርሶ አልመዘገበውም።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኤንኤፍኤል በቅርብ ዓመታት ጋናና ኬንያን በመሳሰሉ የአፍሪካ አገራት ተሰጥኦ የሚፈልግባቸውን ካምፖች ከፍቷል። ወጣቶቹ በዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠብቃቸው የሰዓት መያዣና ሜትር ነው፤ 40 ያርድ በስንት ሴኮንድ እንደሚሮጡ፣ ቆመው ምን ያህል እንደሚዘሉ ይለካል። የሚለካውና የማይለካው ነገር ጥያቄ ከነሙሉ ክብደቱ ወደ ናይሮቢ መጥቷል ማለት ነው። ደግሞም የሩጫ አገር ሰዎች ነንና ጥያቄው ድሮም አብሮን ነበር። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2019 በቪየና ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲጨርስ 41 አሯሯጮች ነፋሱን እየከፈሉለት ነበር። ሰዓቱ የተመዘገበው ለአንድ ሰው ነው።

የኤልምውድ ፓርኩ ሙት ልጅ

ሬይሞንድ ኒችኪ የተወለደው እአአ ታኅሣሥ 29 ቀን 1936 ከቺካጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኤልምውድ ፓርክ ነው። ከሦስት ወንድማማቾች የመጨረሻው ነበር። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ሲሆነው አባቱ ከሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ልጆቿን ለማሳደግ ስትደክም ኖራ፣ ሬይ 13 ዓመት ሲሆነው እሷም በድንገት አረፈች።

ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ፣ አንዱ ገና 21 ዓመት የሞላው ሌላው ደግሞ ከ20 በታች የሆነ፣ ታናሻቸውን ለሌላ ሰው ላለመስጠት ወሰኑ። ሥራ ገብተው አሳደጉት። ልጁ ግን በቀላሉ የሚያድግ አልነበረም። በሐዘንና በንዴት ተሞልቶ በየመንገዱ ይደባደብ ነበር፤ በትምህርቱም ከመድከሙ የተነሳ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ አንድ ዓመት ሙሉ ከማንኛውም የስፖርት ውድድር ታገደ። ያ ዓመት እንደ እሳት እንዳቃጠለው ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ሜዳ ላይ ሌላውን ሰው መምታት የተፈቀደለት ብቸኛ ቦታ ነበርና ቦታውን ሲነጠቅ የቀረው መንገዱ ብቻ ሆነ።

በፕሮቪሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጫወተው በኳርተርባክነት ነበር፤ ማለትም ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ ሆኖ። በቤዝቦልም ጎበዝ ስለነበር በጊዜው የነበረው የሴንት ልዊስ ብራውንስ ክለብ በ3 ሺህ ዶላር ሊያስፈርመው ጠይቆት ነበር። ለወላጅ አልባ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አሰልጣኙ ግን ዩኒቨርሲቲ ግባ ብሎ መከረው፤ ምክሩንም ተቀበለ።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙ ሬይ ኤልየት ከኳርተርባክነት አንስተው ኳስ ይዞ የሚሮጥ አጥቂ፣ በመከላከሉ ጊዜ ደግሞ ላይንባከር አደረጉት። የዚያ ዘመን ተጫዋች በሁለቱም ወገን ይሰለፍ ነበር። ለውጡን መጀመሪያ እንደ ውርደት ቆጥሮት እንደነበር ይነገራል። በ1956 ከኦሃዮ ስቴት ጋር በተደረገ ጨዋታ የፊት መከለያ በሌለው ሄልሜት ገብቶ አራት የፊት ጥርሶቹን አጣ፤ ጨዋታውን ግን አላቋረጠም። ኋላ ላይ በየጋዜጣው የታተመው ጥርስ አልባ፣ ራሰ በራ፣ አስፈሪ ፊት መነሻው ይህ ነው። ከሜዳ ውጭ ወፍራም ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ ሱፍ ለብሶ የሂሳብ መምህር የሚመስል ሰው እንደነበር የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ለ1958 የውድድር ዘመን በተደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምልመላ ግሪን ቤይ ፓከርስ በሦስተኛው ዙር፣ በ36ኛ ተራ መረጠው። ግሪን ቤይ በዊስኮንሰን ግዛት የምትገኝ፣ በጊዜው ነዋሪዎቿ ከ60 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ትንሽ ከተማ ናት። ሚኒያፖሊስ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን እንግዳ አትሆንባቸውም፤ የከተማቸው የቫይኪንግስ የዘመናት ባላንጣ መኖሪያ ነች። ክለቡ የአንድ ባለሀብት ሳይሆን የሺዎች ባለአክሲዮኖች ንብረት ነው። ኒችኪ በደረሰበት ዓመት ከ12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር።

በ1959 ቪንስ ሎምባርዲ በዋና አሰልጣኝነት መጡ። ኃይለኛ፣ ቁጡና ዝርዝር ነገር የማያልፋቸው ሰው ነበሩ። ኒችኪ በዚያን ጊዜ የተጠባባቂ ወንበር የሚያሞቅ፣ ምሽቱን በመጠጥ ቤት የሚያሳልፍ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነበር። ሎምባርዲ በሁሉም ሰው ፊት ይሰድቡት ነበር። የቡድን አጋሮቹ ኋላ እንደገለጹት አሰልጣኙ ይህን የሚያደርጉት ወጣቱ መሸከም እንደሚችል ስለተረዱ ነው፤ ሌላውን ተጫዋች በቀጥታ ከመቆጣት ይልቅ በኒችኪ ላይ ጮኸው ሁሉም እንዲሰማ ያደርጉ ነበር። ይህም አንድ የማይቆጠር አገልግሎት ነው፤ ለማንም ግን የሚመኙት አይደለም።

በ1960 መስከረም መጀመሪያ ላይ በልምምድ ሜዳ የሆነው ነገር የግሪን ቤይ ሰዎች እስካሁን የሚተርኩት ነው። ልምምዱን ከላይ ለመቅረጽ የቆመ የብረት ማማ በኃይለኛ ነፋስ ወድቆ ኒችኪን ከሥሩ ቀበረው። ከማማው ብሎን አንዱ ሄልሜቱን በስቶ ገባ፤ ጭንቅላቱን ግን ሳይነካው ቀረ። ዝናብ በመጀመሩ ምክንያት ሄልሜቱን ያደረገው ከጥቂት ጊዜ በፊት ነበር። ሎምባርዲ ሮጠው መጥተው የወደቀው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ኒችኪ መሆኑን ሲሰሙ እሱማ ምንም አይሆንም ብለው ሌሎቹን ወደ ልምምዳቸው መለሷቸው ይባላል። የተበሳው ሄልሜት በፓከርስ የዝና አዳራሽ ለጎብኚዎች የሚታይ ዕቃ ሆኗል።

በ1961 ጃኪ ፎርሼትን አገባ። ከዚያ በኋላ መጠጥ ተወ። ጥንዶቹ ሦስት ልጆችን በጉዲፈቻ ወስደው አሳደጉ። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ሰው ወላጅ የሚሹ ልጆችን ለመሰብሰብ ምን እንዳነሳሳው ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ያልተቆጠረው ሥራ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በአሜሪካ ፉትቦል የሚያጠቃው ቡድን አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከቻለ አራት ሙከራ ይታደስለታል፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ጨዋታው በሙሉ ያቺን አሥር ያርድ በማግኘትና በመከልከል ዙሪያ የሚካሄድ ትግል ነው ማለት ይቻላል።

ፓከርስ በሎምባርዲ ዘመን፣ በመከላከል አሰልጣኙ ፊል ቤንግትሰን መሪነት፣ ይጠቀምበት በነበረው አሰላለፍ አራት ግዙፍ ሰዎች ከፊት ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ሦስት ላይንባከሮች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ አራት ፈጣን ተከላካዮች። ኒችኪ ከሦስቱ የመሐለኛው ነበር። መሐለኛው ላይንባከር የተጋጣሚን አሰላለፍ ያነባል፤ ኳሱ ሊሄድ የሚችልበትን ይገምታል፤ ከዚያ በሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ወደፊት ይገሠግሣል ወይም ወደኋላ ይሸሻል። ሯጩ በመሐል ቢመጣ የሚገጥመው እሱ ነው፤ ኳሱ በአጭር ርቀት ቢወረወርም ለመከልከል የሚፈጥነው እሱ ነው።

የዚህ ሰው ዋና ሥራ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይዞ መጣል ነው። ታክል ይሉታል። ኒችኪ በተጫወተባቸው 15 ዓመታት ግን ሊጉ ታክልን አይቆጥርም ነበር። አንዳንድ አሰልጣኞች ፊልም እያዩ ለራሳቸው ይቆጥሩ ይሆናል፤ የአንዱ ክለብ ቆጠራ ግን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ኳርተርባኩን ኳስ ሳይወረውር መጣልም፣ ሳክ የሚባለው፣ በሊጉ ይፋ መዝገብ ለተጫዋች መቆጠር የጀመረው በ1982 ነው፤ ኒችኪ ካቆመ ከአሥር ዓመት በኋላ። በ2021 የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎች የቀድሞ ሰነዶችን በርብረው እስከ 1960 ድረስ የተመለሰ የሳክ ቆጠራ አሳትመዋል፤ ድካማቸው የሚደነቅ ነው። ለታክል ግን እንዲህ ያለ ትንሣኤ የለም። የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ሥርጭት ቅጂዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል የተቀረጸበት ካሴት እንኳ በላዩ ሌላ ነገር ተቀርጾበታል።

ስለዚህ የኒችኪን ገጽ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የሥራውን ትርፍራፊ ነው። ሃያ አምስት የተነጠቁ ኳሶች በ190 ጨዋታ። በየስምንት ጨዋታው አንድ ገደማ ማለት ነው። አንድን ጠባቂ ባለፈው ዓመት በያዛቸው ሌቦች ቁጥር ብቻ እንደመመዘን ነው፤ በእሱ ምክንያት ወደ ግቢው ያልቀረቡት የትም አልተጻፉም።

ታክል ተቆጥሮ ቢሆንስ? ክርክሩ ያልቅ ነበር ብዬ አላምንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደካማ ቡድን ውስጥ የሚጫወት ላይንባከር ብዙ ታክል ይኖረዋል፤ የራሱ አጥቂዎች ኳሱን ቶሎ ስለሚያስረክቡ ቀኑን ሙሉ ሲከላከል ይውላልና። ሯጩን ከአንድ ያርድ በኋላ የጣለና ከስምንት ያርድ በኋላ ያሳደደው በቆጠራ እኩል ናቸው፤ በጨዋታው ግን አንደኛው ቡድኑን አድኗል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳቱን ነው የቀነሰው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሳይነካ ያሸነፈው ነው፤ ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ሯጩ አቅጣጫ ለውጦ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ታክሉ የሌላው ነው።

ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ የሚሆነው እአአ ጥር 2 ቀን 1966 በጭቃና በበረዶ በላቆጠ ሜዳ ላይ በግሪን ቤይ የተደረገው የ1965 የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ተጋጣሚው ክሊቭላንድ ብራውንስ ነበር፤ በውስጡም ጂም ብራውን፣ ብዙዎች ከሁሉ የላቀ ሯጭ የሚሉት፣ ተሰልፏል። ያን ቀን ብራውን 12 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጦ ያገኘው 50 ያርድ ብቻ ነው። ፓከርስ 23 ለ12 አሸነፈ። በሦስተኛው ሩብ ብራውን ከኒችኪ ጀርባ አምልጦ የመጨረሻው ክልል ውስጥ ገብቶ የተወረወረለት ኳስ እጁ ላይ ሊያርፍ ሲል፣ ኒችኪ ደርሶ በጣቶቹ አስጣለው። ነጥብ ሊሆን የነበረ ነገር ምንም ሳይሆን ቀረ።

ብራውን ከዚያ በኋላ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ጫማውን ሰቀለ፤ 50ዋ ያርድ በእሱ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ተጽፋለች። ሌላ ማንም ላይንባከር ላይ ግን የብራውን 50 ያርድ አልተመዘገበም። የኒችኪ ገጽ ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ዝም ይላል።

ወረቀቱና ሜዳው አንድ ቋንቋ የተናገሩበት ቀን ቢፈለግ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እአአ ታኅሣሥ 30 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ይገኛል። ከ64 ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት፣ ነፋሱ የተወረወረን ኳስ አቅጣጫ በሚያስት ቀን፣ ፓከርስ ኒው ዮርክ ጃያንትስን 16 ለ7 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ኒችኪ በመጀመሪያው አጋማሽ ጃያንትስ ወደ ነጥብ ሲቃረቡ የተወረወረውን ኳስ ነክቶ አቅጣጫ ሲያስቀይር አጋሩ ዳን ከሪ ነጠቀው። ከዚያም ከተጋጣሚ እጅ ያመለጡ ሁለት ኳሶችን ወድቆ ያዘ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ኮርቬት መኪና ተሸለመ። በዚያው ምሽት ሱፉንና መነጽሩን አድርጎ፣ እንግዳው ማን እንደሆነና ሥራው ምን እንደሆነ ተወያዮች በጥያቄ በሚያውቁበት አንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን እንኳ የነጠቃው መዝገብ የከሪ ነው። ኒችኪ ኳሱን ነካ፤ ከሪ ያዘው። ሁለቱ ኳሶች ከተጋጣሚ እጅ ሲያመልጡም እሱ በቦታው ተገኘ። ቁጥር አንድን ድርጊት ለአንድ ሰው መስጠት ይወዳል፤ ሜዳው ግን እንዲያ አይሠራም።

አንድ ፕሮ ቦውል፣ አምስት ዋንጫ

ኒችኪን ለመቀነስ የሚፈልግ ሁሉ የሚያነሳው አንድ ነገር አለ፤ ፕሮ ቦውል። በ15 ዓመት ውስጥ የተመረጠው በ1964 ብቻ ነው። ጆ ሽሚት አሥር ጊዜ፣ ቢል ጆርጅ ስምንት ጊዜ፣ ዲክ በትከስም ስምንት ጊዜ ተመርጠዋል። የኒው ዮርኩ ሳም ሀፍ አምስት። ልዩነቱ አፍ የሚያስይዝ ይመስላል።

ሆኖም ምርጫው እንዴት ይደረግ እንደነበር ማየት ይገባል። ሊጉ በምሥራቅና በምዕራብ ጎራ ተከፍሎ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ጎራ ለመሐለኛ ላይንባከር የሚገኘው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ሽሚት ለዲትሮይት፣ ጆርጅና ቀጥሎም በትከስ ለቺካጎ ይጫወቱ ነበር። ሁሉም በምዕራብ ጎራ ናቸው፤ ኒችኪም እንዲሁ። የእሱ የጉብዝና ዘመን በግራ ከሽሚት፣ በቀኝ ከበትከስ ጋር ይዋሰናል። ሽሚት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው ለ1963 ነው፤ በትከስ በ1965 መጣ። በመሐል የቀረችው ዓመት 1964 ናት። ኒችኪ በዚያች ዓመት ተመረጠ። ሰነፍ ተጫዋች በአጋጣሚ አንድ ጊዜ ተመረጠ ማለት ሳይሆን፣ በሩ በተከፈተበት ብቸኛ ዓመት ገባ ማለት ነው። ጋዜጠኞች በሚመርጡት የመላው ሊግ ምርጥ ቡድን ውስጥ ደግሞ በ1964ም በ1966ም ተካቷል።

ሳም ሀፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሀፍ ጎበዝ ተጫዋች መሆኑ አያከራክርም። ግን የሚጫወተው የአገሪቱ ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በሚገኙባት ኒው ዮርክ ነበር፤ በ1960 ስለ እሱ ብቻ የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም በሲቢኤስ ተላልፏል። ግሪን ቤይ ላይ እንዲያ ያለ ካሜራ አልነበረም። የዜና ሰው እንደመሆኔ ዝና በአብዛኛው ካሜራው በሚቆምበት ቦታ እንደሚወሰን ለመመስከር አልቸገርም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለሌላኛው ወገን ተገቢውን መስጠት ግድ ይላል። ኒችኪን ከቁጥር ለማስጣል የሚከራከሩ ደጋፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዋንጫዎቹ ይሮጣሉ። በ1961፣ በ1962፣ በ1965፣ በ1966 እና በ1967 አምስት የሊግ ሻምፒዮና፤ በላዩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሱፐር ቦውሎች። ዋንጫም ግን ቁጥር ነው፤ እንደ ሌላው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። በዚያ የፓከርስ መከላከል ውስጥ ኋላ ወደ ዝና አዳራሽ የገቡ ሌሎች አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ዊሊ ዴቪስ፣ ሄንሪ ጆርዳን፣ ኸርብ አደርሊ፣ ዊሊ ውድ እና ዴቭ ሮቢንሰን። ከፊቱ የቆሙት ሰዎች የተጋጣሚን ገፊዎች ስለሚይዙለት መንገዱ ክፍት ይሆንለታል፤ ከኋላው ያሉት ስለሚታመኑ ሊደፍር ይችላል። በትከስ በቺካጎ ይህ ሁሉ አልነበረውም። አንድም የፍጻሜ ጨዋታ ሳይጫወት፣ በ119 ጨዋታዎች 22 ኳስ ነጥቆ፣ ጉልበቱ ተሰባብሮ ወጣ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለግለሰብ የተሰጡት ቁጥሮች ኒችኪን ያሳንሱታል፤ ለቡድን የተሰጡት ዋንጫዎች ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። እውነቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ነገር ግን ወደ መሐል ሳይሆን ወደ ዋንጫዎቹ ይጠጋል። ፓከርስ በ1962 በ14 ጨዋታዎች የተቆጠረበት 148 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በሊጉ ትንሹ። የአንድን መከላከል መሐል የያዘ ሰው ደካማ ሆኖ ያ ቁጥር ሊገኝ አይችልም። ተጋጣሚ ሁሉ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ደጋግሞ ይመታ ነበርና። በትከስ የተሻለ አትሌት ነበር ቢባል አልከራከርም። ከ12 ሰዎች መካከል አንድ ቦታ ለኒችኪ አይገባውም መባሉን ግን አልቀበለውም።

ስለ 1967ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ብዙ ተጽፏል፤ በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 31 ቀን ግሪን ቤይ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ከሜዳው ሥር የተቀበረው ማሞቂያም ተበላሽቶ ሣሩ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ፓከርስ ዳላስ ካውቦይስን 21 ለ17 ያሸነፈው ሊጠናቀቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት በተገኘ ነጥብ ነው። ኒችኪ ከሜዳ ሲወጣ ሌሎቹ ወደሚሞቁበት ማሞቂያ አልሄድም ብሎ ቆሞ ዋለ። የእግር ጣቶቹ በብርዱ ተጎድተው ጠቆሩ፤ ጥፍሮቹ ወለቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 1968፣ በማያሚ ሁለተኛውን ሱፐር ቦውል ተጫወተ፤ ፓከርስም ኦክላንድ ሬይደርስን 33 ለ14 ረታ።

ከዚያ በኋላ ሎምባርዲ የግሪን ቤይን አሰልጣኝነት ተዉ፤ በ1970 በካንሰር አረፉ። ቡድኑ አረጀ። ኒችኪ እስከ 1972 ቆየ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግን አብዛኛውን በተጠባባቂነት አሳለፈ። በታኅሣሥ 1971 ክለቡ በስሙ ቀን ሰይሞ አከበረለት። ለአንድ ገና ላላቆመ ተጫዋች እንዲህ ያለ ክብር የደስታም የስንብትም ነው፤ እሱም ገብቶታል ብዬ እገምታለሁ።

መጫወት ካቆመ በኋላ እንኳ ከከተማዋ አልራቀም። የቤት ስልክ ቁጥሩ እንደ ማንኛውም ነዋሪ በስልክ ማውጫ ላይ ይገኝ ነበር፤ የፈለገ ሰው ይደውልለታል። በ1974 በወጣ አንድ የእስር ቤት ፉትቦል ፊልም ላይ ከክፉዎቹ ጠባቂዎች አንዱ ሆኖ ተውኗል፤ ፊቱ ለዚያ የተሠራ ነበር። በ1978 ወደ ዝና አዳራሽ ገባ፤ ከሎምባርዲ ዘመን ተከላካዮች የመጀመሪያው ሆኖ። በ1983 ክለቡ 66 ቁጥር መለያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ወሰነ፤ በፓከርስ ታሪክ እንዲህ የተከበረ አራተኛው ቁጥር ነው።

በየዓመቱ አዲስ ገቢዎች ወደ ዝና አዳራሽ ሲቀበሉ ቀደምቶቹ ብቻ ሆነው የሚመገቡበት የምሳ ግብዣ አለ። ኒችኪ በዚያ ላይ ተነስቶ አዲሶቹን ምን ዓይነት ቤት እንደገቡና ምን እንደሚጠበቅባቸው ይነግራቸው ነበር። ሲናገር የሰሙት ሰዎች ቃሉን እስከ ዛሬ ያነሳሉ፤ ግብዣው አሁን በእሱ ስም ይጠራል።

ጃኪ በ1996 በካንሰር አረፈች። ኒችኪ በ61 ዓመቱ፣ እአአ መጋቢት 8 ቀን 1998፣ በፍሎሪዳ ሳለ የልብ ድካም አጋጥሞት ሞተ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ፓከርስ ከሚለማመድባቸው ሜዳዎች አንዱ በስሙ ተሰይሞ ነበር። በግሪን ቤይ መሐል፣ በፎክስ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይም የእሱን ስም ይዟል፤ መርከብ ሲመጣ ወለሉ ይነሳል፤ መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲያልፍ ይወርዳል።